የባሕር ዛፍ ዘይት የተን ግፊት በሳህንና በሚዛን አይለካም፦ ለአንድ በስፋት ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ሲኒዮል (ዩካሊፕቶል የሚባለውም እሱው ነው) የተን ግፊቱን በቀላሉ እንዴት መለካት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰሞኑን በኬሚስትሪ ተማሪዎችና በዘይት አምራቾች መካከል ሲዞር ሰንብቷል። አነሳሱ የሚመሰገን ነው። ውድ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም ይላል፤ በዚህ እስማማለሁ። የሚሰጠው መመሪያ ግን ተከታዩን ወደ ተሳሳተ ቁጥር የሚወስድ ነው፤ ቁጥሩም በጥቂት ሳይሆን በእጥፍ ይሳሳታል።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ዘይቱንና ውሃን በሁለት እኩል ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ በየሰዓቱ የሚቀንሰውን ክብደት መመዘን ይበቃል፤ የውሃ የተን ግፊት ስለሚታወቅ የዘይቱ በንጽጽር ይገኛል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች የተን ግፊቱ እዚህ በመጽሐፍ ከተመዘገበው ይበልጣል። ለዚህም ማስረጃ የሚያደርጉት ዘይቱ ከውሃ ጋር ሲነጠር ከ100 ዲግሪ በታች መውጣቱን ነው። ሦስተኛ፣ ነጥበ ፍሌቱ (የሚፈላበት ሙቀት) ከታወቀ የቀረው በስሌት ይመጣል። አራተኛ፣ 75 በመቶ ሲኒዮል ያለው ዘይት ለመለኪያ በቂ ነው፤ ስህተቱ ከቀሪው 25 በመቶ አያልፍም። አምስተኛ፣ በቫኪዩም (አየር በወጣለት ዕቃ) ለሚለካ ሰው የሜርኩሪ ማኖሜትር፣ ማለትም ግፊትን በሜርኩሪ ከፍታ የሚያሳይ ቱቦ፣ እና አንድ ደቂቃ ፓምፕ ይበቃዋል፤ ከናሙናው ውስጥ አየር የማስወጣቱ ረጅም ሥራ ቅንጦት ነው።

የተን ግፊት የሚባለው በዝግ ዕቃ ውስጥ፣ በታወቀ ሙቀት፣ ከፈሳሹ የሚወጣው ተንና ወደ ፈሳሹ የሚመለሰው እኩል ሲሆኑ ተኑ ብቻውን የሚያሳድረው ግፊት ነው። ለሲኒዮል በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 250 ፓስካል ይሆናል፤ ለውሃ በዚያው ሙቀት 3169 ነው። ትነት ደግሞ ፍጥነት ነው። የጽሑፉ የመጀመሪያ ሁለት ስህተቶች ፍጥነትን ለክቶ ግፊት ብሎ ከመጥራት የመጡ ናቸው።

ሳህኑና ሚዛኑ

በክፍት ሳህን ያለ ፈሳሽ ክብደቱ የሚቀንስበት ፍጥነት በተን ግፊቱ ብቻ አይወሰንም። ከፈሳሹ ፊት የተነሣው ተን ከላዩ የቆመውን አየር አቋርጦ መውጣት አለበት። ይህ ደግሞ ተኑ በአየር ውስጥ በሚሰራጭበት መጠን፣ ከፈሳሹ እስከ ሳህኑ አፍ ባለው ርቀት፣ በክፍሉ ነፋሻነትና በአየሩ ውስጥ ቀድሞ ባለው ተን ይወሰናል። ሳህኑ ከፊዩም ሁድ (ተንና ጭስ ከሚስበው የቤተ ሙከራ ሳጥን) ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ፈሳሹ ከአፉ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲጀምርና 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲጀምርም እንዲሁ። ሲኒዮሉ ያው ሲኒዮል፣ ሙቀቱም ያው ሙቀት ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ጸሐፊው ይህን ተቃውሞ ሳያስቡት አልቀሩም፤ ውሃው በአንድ ዓይነት ሳህን ጎኑ ስለሚቀመጥ የሳህኑና የአየሩ ተጽዕኖ ይካካሳል ይላሉ። የሳህኑ ጥልቀት በርግጥ ይካካሳል። ትልልቆቹ ነገሮች ግን አይካካሱም፤ በቁጥር እንየው። በባሕር ወለል ግፊትና በ25 ዲግሪ የውሃ ተን በአየር ውስጥ የሚሰራጭበት መጠን በሰከንድ 0.25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሲኒዮል ሞለኪውል ትልቅ ስለሆነ ወደ 0.06 ይወርዳል። የክፍሉ አየር እርጥበት 50 በመቶ ከሆነ ውሃውን የሚገፋው ልዩነት የ3169 ግማሽ፣ ማለትም 1585 ፓስካል ብቻ ነው። ሲኒዮል በአየሩ ውስጥ አስቀድሞ ስለሌለ 250ው ሙሉ በሙሉ ይሠራል። የአንድ ሞል (ለሁሉም ነገር እኩል የሆነ የሞለኪውል ብዛት) ክብደት ለውሃ 18 ግራም፣ ለሲኒዮል 154 ግራም ነው። ሦስቱን ስናባዛ ለውሃ 0.25 × 1585 × 18፣ ወደ 7130 ይሆናል፤ ለሲኒዮል 0.06 × 250 × 154፣ 2310። እንግዲህ ዘይቱ ከክብደቱ የሚያጣው ውሃው ከሚያጣው 32 በመቶ ያህሉን ነው። በጽሑፉ ንጽጽር ከሄድን የተን ግፊቱ የ3169 32 በመቶ፣ ከ1000 ፓስካል በላይ ሆኖ ይወጣል። ከእውነተኛው አራት እጥፍ!

ክብደቱን ወደ ሞል ቀይሮ ማነጻጸር ነገሩን ያቃናዋል የሚል ካለ፣ ያኔ ደግሞ 120 ፓስካል ይወጣል፤ ከግማሽ በታች። በሁለቱም መንገድ የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር መልሱ ይለወጣል፤ ሐምሌ ላይ የተለካ ሲኒዮል ጥር ላይ ከተለካው ጋር አይገናኝም። ውሃው ደግሞ ሲተን ራሱን ያቀዘቅዛልና ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ 25 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ ቴርሞሜትሩን አየሩ ላይ ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ ያስገባ ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል።

የሙቀቱን ነገር ጽሑፉ “የክፍል ሙቀት” ብሎ ማለፉ ሌላው ችግር ነው። የሲኒዮል የትነት ሙቀት (ፈሳሹ ተን ለመሆን የሚወስደው ኃይል) በሞል ወደ 47 ኪሎ ጁል ስለሆነ፣ በ25 ዲግሪ አካባቢ አንዲት ዲግሪ የተን ግፊቱን ከ6 በመቶ በላይ ትለውጠዋለች። ጠዋት 18፣ ከሰዓት 24 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የጠዋቱና የከሰዓቱ ግፊት በ48 በመቶ ገደማ ይለያያል። ስለዚህ ውጤት ያለ ሙቀት ቁጥር ምንም ማለት አይደለም፤ ሙቀቱም በዎተር ባዝ (ሙቀቱ በሚስተካከል የውሃ ገንዳ) ከ0.1 ዲግሪ ባነሰ መዋዠቅ መያዝ አለበት።

ሳህኑ ለምንም አይረባም ማለቴ አይደለም። ሁለት የትንኝ መከላከያ ቅባቶች ወይም ሁለት ሽቶዎች የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ ለማየት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ በእኩል ሳህን መመዘን ጥሩ ዘዴ ነው። የሚሰጠው ግን ቅደም ተከተል ነው።

ከፍታው

የተን ግፊት በሙቀት እንጂ በባሮሜትር ንባብ አይወሰንም። ሲኒዮል በ25 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይም ጅቡቲ ወደብ ላይም ወደ 250 ፓስካል ነው፤ ከላይ ያለው አየር በሚያሳርፈው ጫና ምክንያት የሚመጣው ልዩነት በዚህ ዓይነት መለኪያ የሚታይ አይደለም። ከፍታ ላይ የሚለወጠው ነጥበ ፍሌት ነው፤ ምክንያቱም ፈሳሽ የሚፈላው የተን ግፊቱ ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ጸሐፊው በሳህናቸው ከፍ ያለ ቁጥር ማግኘታቸውን ግን አልጠራጠርም። ጋዝ በጋዝ ውስጥ የሚሰራጭበት መጠን ከጠቅላላው ግፊት ጋር ተቃራኒ ነውና፣ በ76 ኪሎ ፓስካል ከባሕር ወለል በ33 በመቶ ይፈጥናል። ሳህኑ ቶሎ ይደርቃል፤ የተን ግፊቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከውሃ ጋር የሚደረገው ንጥረትም የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። ዘይትና ውሃ ስለማይዋሐዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ተን ይሰጣሉ፤ ድብልቁ የሚፈላው የሁለቱ ድምር ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በ90 ዲግሪ የውሃ የተን ግፊት 70 ኪሎ ፓስካል፣ የሲኒዮል ወደ 6.5 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ድምሩ የአዲስ አበባን አየር ይደርሳል። ዘይቱ ያዋጣው ከአሥር እጅ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሙቀት ወጣ ተብሎ ብቻውን 76 ኪሎ ፓስካል ሊሰጠው አይገባም።

ነጥበ ፍሌት ብቻውን

ሲኒዮል በባሕር ወለል በ176 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በጽሑፉ መንገድ ከዚህ ተነሥተን የትነት ሙቀቱን ከተለመደው ግምት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የነጥበ ፍሌቱ ኬልቪን በሞል 88 ጁል ወስደን ብናሰላ 39.6 ኪሎ ጁል እናገኛለን፤ ይህን ይዘን ወደ 25 ዲግሪ ስንወርድ መልሱ ወደ 470 ፓስካል ይወጣል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የትነት ሙቀት ፈሳሹ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይጨምራል፤ ከነጥበ ፍሌት 150 ዲግሪ ያህል ወርዶ አንድ ቋሚ ቁጥር መጠቀም የሚያመጣው ይህንን ነው። ነጥበ ፍሌት የተን ግፊትን ቅደም ተከተል እንኳ ሁልጊዜ አይነግርም፦ ቤንዞል (የመኪናው ቤንዚን ሳይሆን benzene የሚባለው ፈሳሽ) በ80.1 ዲግሪ ይፈላል፤ ኤታኖል በ78.4። በ25 ዲግሪ ግን ኋላ የሚፈላው ቤንዞል 12.7 ኪሎ ፓስካል ሲሰጥ ቀድሞ የሚፈላው ኤታኖል 7.9 ብቻ ይሰጣል። በሁለት ወይም በሦስት የተለኩ ነጥቦች መካከል ለመሙላት ስሌት ጥሩ ነው፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ሩቅ መዝለል ግን ግምት ነው።

የዘይቱ ንጽሕና

ብዙ ሰው የሚያመልጠው ይህ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት መድበል ለባሕር ዛፍ ዘይት የሚጠይቀው ሲኒዮል ቢያንስ 70 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 75 በመቶ ያለው ዘይት ለሽያጭ ጥሩ ዘይት ነው። ለመለኪያ ግን ድብልቅ ነው። ለምሳሌ በሞል ድርሻ 75 በመቶ ሲኒዮል፣ 15 በመቶ አልፋ ፓይኒንና 10 በመቶ ሊሞኒን (ሁለቱም ተርፒን የሚባሉ የዘይቱ ክፍሎች ናቸው) ያለውን እንውሰድ። አልፋ ፓይኒን በ25 ዲግሪ ወደ 580 ፓስካል፣ ሊሞኒን ወደ 200 ስለሆኑ ድምሩ 295 ገደማ ይሆናል። ስህተቱ 18 በመቶ ነውና የጸሐፊው 25 በመቶ ጣሪያ እዚህ ላይ ትክክል ይመስላል።

ይመስላል ብቻ ነው፤ ስህተትን የሚወስነው የባዕዱ ነገር ብዛት ሳይሆን በቀላሉ መትነኑ ነውና። ዋናው ጠላት ፓይኒን ሳይሆን ውሃ ነው። በክብደት 0.1 በመቶ ውሃ፣ በ100 ግራም ዘይት ሁለት ጠብታ ያህል፣ በሞል ሲቆጠር 0.85 በመቶ ይሆናል። ውሃና ሲኒዮል ተስማምተው ቢኖሩ እንኳ ይህ 27 ፓስካል ይጨምራል፤ ከሲኒዮሉ ከ10 በመቶ በላይ። ስለማይስማሙ ውሃው ከድርሻው አብልጦ ይወጣል፤ ጭማሪው ከዚህ ይበልጣል። ብልቃጡ በአሴቶን ታጥቦ በደንብ ካልደረቀማ ነገሩ ይብሳል። ደግሞም ድብልቁ ሲተን ፓይኒኑ ቀድሞ ስለሚሄድ በሙከራው መጀመሪያና መጨረሻ የሚለካው ፈሳሽ አንድ አይደለም።

ማጥራቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሲኒዮል በ1.5 ዲግሪ ገደማ ይረጋል፤ አብረውት ያሉት ተርፒኖች በዚህ ሙቀት ፈሳሽ ናቸው። ዘይቱን መጀመሪያ ነጥሮ የ174–178 ዲግሪውን ክፍል መያዝ (ይህ በባሕር ወለል ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ አሥር ዲግሪ ያህል ይቀንሳል)፣ ከዚያ በበረዶና በጨው ድብልቅ ማርጋት፣ ያልረጋውን ማንጠፍ፣ አቅልጦ መድገም ነው። አንዳንዴ ከመርጊያው በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ቀድሞ ከረጋው አንዲት ቅንጣት ጣል ቢደረግበት ይጀምራል። መርጊያው ከዙር ወደ ዙር መጨመሩን ሲያቆም ማቆም ይቻላል። ቀጥሎ ውሃ በሌለው ሶዲየም ሰልፌት፣ ከዚያ በ3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚይዝ ማድረቂያ) ማድረቅ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ (የድብልቅን ክፍሎች ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ካለ ከ99 በመቶ በላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የውሃውን መጠን ደግሞ ካርል ፊሸር በሚባለው የውሃ መለኪያ ዘዴ መለካት፤ ክሮማቶግራሙ ላይ ውሃ ብዙ ጊዜ አይታይም።

አየር ማስወጣትና ማኖሜትሩ

አየር ማስወጣቱን ቅንጦት ማለት ከአምስቱ ነጥቦች እጅግ የሚጎዳው ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ አየር ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ማኖሜትሩ የእሱንም ግፊት ከሲኒዮሉ ጋር ደምሮ ያሳያል። 50 ፓስካል አየር ቢቀር በ25 ዲግሪ ስህተቱ 20 በመቶ ነው። በ60 ዲግሪ፣ የሲኒዮል የተን ግፊት ወደ 1.7 ኪሎ ፓስካል ሲደርስ፣ ያው አየር 3 በመቶ ብቻ ነው። ጸሐፊው በከፍተኛ ሙቀት ለክተው ከመጽሐፍ ጋር መስማማታቸው ከዚህ ነው። በዝቅተኛው ሙቀት ግን አይሠራላቸውም።

ፈሳሹን ዝም ብሎ ፓምፕ ማድረግስ? ፓምፑ አየሩን ብቻ ሳይሆን ሲኒዮሉን፣ ከሲኒዮሉም ቀድሞ ቀላል ቀላሉን ይስባል፤ ፈሳሹም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ነው ማርጋት የሚያስፈልገው። ናሙናው ከብልቃጡ ሲሶ አይለፍ። ቫልቩን ዘግቶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማርጋት፤ ከረጋ በኋላ ከፍቶ ግፊቱ ከ1 ፓስካል በታች እስኪወርድ ፓምፕ ማድረግ፤ ዘግቶ ለብ ባለ ውሃ ማቅለጥ። ሲቀልጥ የሚወጣው አረፋ ተይዞ የነበረው አየር ነው። በሦስተኛው ዙር አረፋ ካልታየና እንደገና ሲረጋ የቀረው ግፊት ካልጨመረ በቂ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብት ማዳቀያ የሚውል ስለሆነ በአገራችን የማይገኝ ነገር አይደለም። በደረቅ በረዶም ይሠራል፤ በበረዶና በጨው ከሆነ ግን የረጋው ሲኒዮል ራሱ ጥቂት ፓስካል ስለሚሰጥ ከ1 ፓስካል በታች መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ፓምፑም ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፈት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ብልቃጥ ወደ አየር ክፍት ሆኖ አይቆይ፤ ኦክስጅን ፈሳሽ ሆኖ ከናሙናው ጋር ከተጠራቀመ ይፈነዳል።

አየር መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ቀላል ፈተናም አለ። ተኑ ያለበትን ባዶ ቦታ ማስፋት ነው፤ ተጨማሪ ባዶ ብልቃጥ በቫልቭ ማገናኘት ይበቃል። ፈሳሽ እስካለ ድረስ የሲኒዮሉ ግፊት ጥቂት ቆይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አየር ካለ ግን ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ከዚያም የግፊቱን ሎጋሪዝም ከኬልቪን ሙቀት ግልባጭ ጋር በግራፍ መንደፍ፤ መስመሩ በቀዝቃዛው ጫፍ ወደ ላይ ከታጠፈ አየር ወይም ውሃ አለ።

ሜርኩሪውን በተመለከተ፣ 250 ፓስካል በሜርኩሪ 1.9 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር በማስመሪያ መሳት ስህተቱን 25 በመቶ ያደርሰዋል። በ80 ዲግሪ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚቆም እዚያ ጥሩ ነው፤ ኬሚስቶቹ ስሚዝና ሜንዚስ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት አይሶቴኒስኮፕ የተባለው የተን ግፊት መለኪያም ለዚያ ክልል ዛሬም ያገለግላል። ለ25 ዲግሪው እስከ 1000 ፓስካል የሚያነብ ካፓሲታንስ ግፊት መለኪያ (ግፊት ሲገፋው የሚታጠፍ ስስ ብረት ያለው ኤሌክትሪካዊ መለኪያ) ይሻላል። እሱም ቢሆን እስከ መለኪያው ያለው ቱቦ ከናሙናው ሞቅ ያለ መሆን አለበት። ናሙናው 60 ዲግሪ፣ ቱቦው 25 ዲግሪ ከሆነ ተኑ ቱቦው ላይ ይጠራቀማል፤ የሚነበበውም የ25 ዲግሪው ግፊት ይሆናል። ዕቃው ውስጥ ግፊትን የሚወስነው ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ቦታ ነው።

ቫኪዩም ለሌለው

ጸሐፊው መሣሪያ ውድ ነው ያሉት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሳህን ሳይሆን ጋዝን በተን ማርካት፣ ማለትም ጋዙ የሚችለውን ያህል ተን ይዞ እንዲወጣ አድርጎ ከተያዘው ተን ክብደትና ካለፈው ጋዝ መጠን ግፊቱን ማስላት ነው። የመስታወት ዶቃ በሞላው ቱቦ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሲኒዮል አፍስሶ በ25 ዲግሪ ዎተር ባዝ ውስጥ ማጥለቅ፤ ደረቅ ናይትሮጅን በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ማሳለፍ፤ የሚወጣውን ተን ተመዝኖ በተዘጋጀ የከሰል ቱቦ መያዝ። መውጫው በአጭርና ሞቅ ባለ ቱቦ ይገናኝ። በአንድ ሰዓት 3 ሊትር ሲያልፍ ከሰሉ ወደ 47 ሚሊ ግራም መጨመር አለበት፤ 0.1 ሚሊ ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃዋል። ሁለተኛ የከሰል ቱቦ ከኋላ ይቀጠል፤ እሱ ከጨመረ የመጀመሪያው ሞልቷል። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚሰላው ግፊት ካልተለወጠ ናይትሮጅኑ በርግጥ ረክቷል ማለት ነው፤ ከጨመረ ዶቃው ያለበትን ቱቦ ማስረዘም ያስፈልጋል።

ከፍታ የሚቆጠረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የማስ ፍሎው መቆጣጠሪያ (የጋዝ ፍሰትን የሚለካና የሚያስተካክል መሣሪያ) የሚያሳየው ሊትር ብዙ ጊዜ በ0 ዲግሪና በ101.3 ኪሎ ፓስካል የተሰላ ነው። እንዲህ ያለ 3 ሊትር አዲስ አበባ ላይ በ25 ዲግሪ 4.37 ሊትር ነው፤ ሳይታረም ቢገባ 250 ፓስካሉ 364 ሆኖ ይወጣል። የሳሙና አረፋ ፍሎው ሜትር (ፍሰትን በአረፋ እንቅስቃሴ የሚለካ ቱቦ) ከከሰሉ በኋላ ቢገጠም በክፍሉ ግፊት ስለሚለካ ይህን ያስቀራል፤ ከአረፋው ለሚገባው የውሃ ተን ብቻ በአዲስ አበባ 4 በመቶ ገደማ ይቀነስለታል።

በቫኪዩሙ መንገድ የሚሄድ ደግሞ ሲኒዮል ከማስገባቱ በፊት አየሩ የወጣለትን የተጣራ ውሃ ቢለካ ጥሩ ነው። ብልቃጡ በበረዶና በውሃ ድብልቅ ውስጥ በ0 ዲግሪ ሲቆም መለኪያው 611 ፓስካል ማንበብ አለበት። 650 ካነበበና እያደር ከጨመረ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አለ፤ 650 ላይ ከቆመ ደግሞ ወይ አየሩ አልወጣም፣ ወይ የመለኪያው ዜሮ ተዛንፏል።